ስለ ሚኒባሱ ስክሪንና ስለ ለበሰው ዳንቴል

ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለቤተ ክርስቲያናችን የሽማግሌዎች ጽሕፈት ቤት
ጆሃንስበርግ

ጉዳዩ፦ በሚኒባሱ ስክሪን ላይ የተደረገው ዳንቴል ተነሥቶ የሾፌርነት ቁልፌ እንዲመለስልኝ ስለማመልከት

እኔ አመልካች ሀቢሶ ዱካሞ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሚኒባስ ሾፌር፣ ለጽሕፈት ቤቱ ተገቢውን አክብሮት እያቀረብኩ አቤቱታዬን እንደሚከተለው አስረዳለሁ።

1. ሚኒባሳችን የብልሽት ኮድ የሚያሳይ ስክሪን ከፋብሪካው ጀምሮ ዳሽቦርዱ ውስጥ አለው። እሑድ መዘምራንን ወደ ኦሬንጅ ፋርም ስወስድ አንድ ኮድ ብቅ ይላል፤ ሞተሩ ከልክ በላይ ግሏል ማለት ነው። ያን ጊዜ ዳር ይዤ እቆማለሁ፤ ክቡር ሽማግሌያችን አቶ አጵሎስም ይጸልያሉ። ጸሎታቸው ረጅም ስለሆነ ሞተሩ ይቀዘቅዛል፣ ኮዱ ይጠፋል፣ በጉባኤም ምስክርነት ይሰጥበታል። እኔም አሜን ብያለሁ። የሚያፈሰውን ራዲያተር ግን እስከ ዛሬ የነካው የለም።

2. ኮዱ እየተመላለሰ መዘምራኑን ዜማ ስላሳታቸው፣ የሴቶች ኅብረት፣ በየቤታችን ለቴሌቪዥን እንደምናለብሰው ያለ ነጭ ዳንቴል ለስክሪኑ አበረከተ። ሥራው እጅግ ያማረ ነው። ይህን የምለው የሠራችው ባለቤቴ ወይዘሮ አስካለች ስለሆነችና ማመልከቻውንም ሳታነብ ስለማትቀር ነው።

3. ባለፈው እሑድ ስክሪኑ ዳንቴሉን እንደለበሰ ጉዞ ጀመርን። ክሊፕታውንን እንዳለፍን ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ተንቦለቦለ። መዘምራኑ የመዝሙር ልብሳቸውን ሰብስበው መኪና ገፉ፤ መንገደኛውም በዙሉኛ «ሳኒቦናኒ» እያለ ሰላምታ እየሰጠ አገዘን። ዳንቴሉን ገልጬ ባይ ኮዱ እዚያው ቁጭ ብሏል። ተናደድኩና ዳንቴሉን ኪሴ ከተትኩት። አቶ አጵሎስም «ሀቢሶ፣ ያወለቅኸው ዳንቴሉን ሳይሆን እምነትህን ነው» ብለው ቁልፉን ተቀበሉኝ። ይህ ቃል በጣም አሳዝኖኛል።

4. አሁን ስክሪኑ ዳንቴሉን መልሶ ለብሷል፣ ቁልፉም ለኪቦርድ ተጫዋቹ ለዮፍታሄ ተሰጥቷል። የፊታችን እሑድ መዘምራኑን ይዞ ወደ ቶኮዛ ይሄዳል። ዮፍታሄ ጥሩ ልጅ ነው፤ ኪቦርዱ ግን አይፈላም።

5. «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ሐኪም ቤት ስንሄድ ጸልየን እንደምንሄድ ሁሉ ጋራዥም ጸልየን ብንሄድ ነውር ያለበት አይመስለኝም። ስለዚህ ከቶኮዛው ጉዞ በፊት መካኒኩ ሻፊ ራዲያተሩን እንዲያየው፣ ቁልፌም እንዲመለስልኝ እለምናለሁ። ዳንቴሉም ወደ ጽሕፈት ቤቱ ቴሌቪዥን ቢዛወር መልካም ነው፤ ቴሌቪዥኑ እስካሁን ራቁቱን ነው። የአቶ አጵሎስ ጸሎት ከመነሻው በፊት ቢሆን፣ የቱንም ያህል ቢረዝም ቆሜ አሜን እላለሁ።

ባለቤቴ ይህን አንብባ «ለራዲያተር ይህን ያህል ከተጻፈ ለእኔስ መቼ ነው የምትጽፍልኝ?» ብላኛለች። የሚከተለው መልሴ ከአቤቱታው ጋር አብሮ እንዲያያዝልኝ እጠይቃለሁ። መዘምራኑን የምትመራው እሷ ናት፤ የምትቀመጠውም ከፊት፣ ከሞተሩ አጠገብ ነው። ያን ቀን እንፋሎቱን ሳይ የፈራሁት ለእሷ ነበር።

ከአክብሮትና ከወንድማዊ ሰላምታ ጋር
ሀቢሶ ዱካሞ (ፊርማ)

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ አስካለች፣ ቤት