ቄጤማ የተጎዘጎዘበት ክፍል

ውድ ዱረቲ፣

ነቀምቴ አክስትሽ ቤት በሰላም መድረስሽን የነገረኝ ታናሽ ወንድምሽ ነው። ስልክ ደጋግሜ ሞክሬልሽ ነበር። ባታነሺውም አልፈረድኩብሽም፤ እኔም በስልክ መናገር አልችልበትም። ስለዚህ እየጻፍኩልሽ ነው።

የወለሉን ነገር ያወቅነው አብረን ነው። የትምህርት ቤታችንን አሮጌ ክፍል የመጥረግ ተራ የደረሰን ሳምንት፣ አጽድተን የወጣንበት ቦታ በማግስቱ ደቃቅ ቀይ አፈር ከጣውላዎቹ መሐል ወጥቶ ይጠብቀን ነበር። እኔ ነፋስ ያመጣው መስሎኝ ነበር። አንቺ ግን መጥረጊያውን ገልብጠሽ በእንጨቱ ወለሉን መታ መታ አደረግሽና "ስሚ፣ እዚህ ጋ ድምፁ ሌላ ነው" አልሽኝ። በበሩ በኩል ድፍን ነበር፤ ወደ ጥጉ ስንሄድ ግን ባዶ ጀሪካን የመታን ያህል ሆነ። ዴስኩን ስንጎትተው አንድ እግሩ ሰመጠ። ወለሉ ከላይ የተቃጠለ ዘይት ስለተቀባ ጥቁርና የሚያብረቀርቅ ነው፤ ከሥር ግን ምስጥ ጨርሶታል። "ይኼ ወለል ቆዳው ብቻ ነው የቀረው" ብለሽ ሳቅሽ። እኔም ሳቅሁ።

ሳቃችን የቆመው የአንደኛ ክፍል ልጆች ሰኞ ወደዚያ ክፍል እንደሚገቡ ስንሰማ ነው። የእነሱን ክፍል ቆርቆሮ ነፋስ ወስዶታል። እነዚያ ልጆች ደግሞ አርፈው አይቀመጡም፤ ሲገቡም ሲወጡም ይዘላሉ።

ዓርብ ከወረዳ እንግዶች መጥተው ክፍሉን እንደሚያዩ ሲነገረን "ለእነሱ እንንገራቸው" ያልሽው አንቺ ነሽ። እኔ ሰው ፊት መናገር እንደሚያቅተኝ ታውቂያለሽ፤ መምህር ስሜን ሲጠራ እንኳ "አቤት" የምለው በሆዴ ነው። "አንቺ ዝም በይ፣ እኔ እናገራለሁ፤ አጠገቤ ብቻ ቁሚልኝ" አልሽኝ። ደስ ብሎኝ ሰነበትኩ። የእኔ መቆም ለሰው ይጠቅማል ብዬ ከዚያ በፊት አስቤ አላውቅም።

ዓርብ ጠዋት ርዕሰ መምህሩ አቶ ሀብተጊዮርጊስ ወንዝ ዳር ልከው ቄጤማ አሳጨዱን። "እንግዳ በባዶ ወለል አይቀበሉም" አሉ። ክፉ አስበው አይመስለኝም፤ እንግዳ ሲመጣ መጎዝጎዝ ሁላችንም ያደግንበት ነው። ጥጉን የሸፈንነው ግን እኔና አንቺ ነን፣ በገዛ እጃችን። ወፍራምና አረንጓዴ ሆኖ አማረ። እንግዶቹ በሩ አካባቢ ቆመው "ጥሩ ክፍል ነው" አሉ። አባትሽ ኦቦ ጉደታ የወላጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸውና ንግግር አደረጉ፤ አምና ወለሉን ኮሚቴው ራሱ እንዳደሰው ተናገሩ። እውነት ነው፣ አድሰውታል። አዲሱን ጣውላ የቸነከሩት ግን በበሰበሰው ላይ ነው።

"ጥያቄ ያለው አለ?" ሲባል የሹራብሽን እጅጌ ጎተትኩ። ጫማሽን ታዪ ነበር። እንደገና ጎተትኩሽ። እጅሽን ሳብሽው።

ከዚያ እኔ ተናገርኩ። እንዴት እንደተናገርኩ አላውቅም፤ በኦሮምኛ ጀምሬ በአማርኛ የጨረስኩ ይመስለኛል። ከኋላ አንዷ "ኧረ የቄሱ ልጅ አፍ አላት እንዴ?" ስትል ሰማሁ። "ዛሬ ቄጤማው አናገራት" አለቻት ሌላዋ። አንደኛው እንግዳ ግን በትህትና "አንቺ ብቻ ነሽ ያየሽው ወይስ ሌላም ሰው አለ?" ብለው ጠየቁኝ። ደስ ብሎኝ ወደ አንቺ ዞርኩ።

"ሂን ቤኩ" አልሽ። አላውቅም። ቀጥለሽም፣ ማንም ሳይጠይቅሽ፣ "ዝማሬ እኮ ሁሉን ነገር ትፈራለች። ሚኒባሱ የአንገር ወንዝን ድልድይ ሲሻገር ራሱ ዓይኗን ጨፍና ነው የምትጸልየው" አልሽ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። አባትሽም ሳቁ።

ዱረቲ፣ የድልድዩን ነገር የነገርኩት ለአንቺ ብቻ ነው። እናቴ እንኳ እንቅልፍ የወሰደኝ ነው የሚመስላት። ዝም ያልሽው አባትሽ ሰው ፊት እንዳያፍሩ መሆኑ በኋላ ገብቶኛል፤ የእኔ አባት ቆሞ ቢሆን ምን እንደማደርግ አላውቅም። ቀድመሽ "አልችልም፣ አባቴ ነው" ብትይኝ አልቀየምሽም ነበር። አንቺ ግን አላውቅም ማለት አልበቃሽም። እንዳልታመን አደረግሽኝ፤ ለዚያም የተጠቀምሽው እኔው አምኜ የሰጠሁሽን ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት መጥረጊያ ይዤ ሄድኩ። ዘበኛው አባ ሞረዳ ተራዬ መስሏቸው ከፈቱልኝ። ቄጤማው ጠውልጎ ነበር። ወደ ግድግዳው ገፋሁትና ጥጉን በመጥረጊያው እንጨት ወጋሁት፤ ሰተት ብሎ ገባ። ከዚያ በእጄ ያዝኩት። ጣውላው እንደ ደረቅ ቂጣ እየተሰበረ ተነሣ፣ ሥሩ ምስጥ ይርመሰመስበታል። አዲሶቹንም አነሣኋቸው፤ ምስማራቸው የያዘው ነገር አልነበረም። በጣም እየፈራሁ ነበር፣ ይህን አልደብቅሽም። ግን ማንም ሰው ዴስክ ሊያስገባበት እስከማይችል ድረስ አላቆምኩም።

አባ ሞረዳ መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። "ማል ጎቴ ኢንተላ ኮ?" አሉ፣ ምን አደረግሽ ልጄ። ጎንበስ ብለው ጉድጓዱን ካዩ በኋላ "በይ እጅሽን ታጠቢ፣ እየደማ ነው" አሉኝና ርዕሰ መምህሩን ሊጠሩ ሄዱ።

አሁን ልጆቹ ማንጎው ሥር ይማራሉ። እኔ የመንግሥት ንብረት ሰብረሻል ተብዬ ጉዳዬ እስኪታይ ክፍል አልገባም። አባትሽ መጥተው አይተውት ነበር አሉ፤ ጉድጓዱ ውስጥ እጃቸውን ከትተው የበሰበሰውን ዳሰሱና ሄዱ። አንቺ ለምን ነቀምቴ እንደሄድሽ አልጠይቅሽም።

ትናንት አቶ ሀብተጊዮርጊስ ከአባቴ ጋር ጠሩኝ። "ይህን ብቻሽን አላሰብሽውም። ከማን ጋር ነበርሽ?" አሉኝ። አባቴም "ተናገሪ ልጄ፣ የሌላ ሰው ሸክም አትሸከሚ" አለኝ። ስምሽ አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

"ብቻዬን ነበርኩ" አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፤ አባቴ ቀና ብሎ አየኝ።

አንቺን ለመሸፈን እንዳይመስልሽ። ሳስበው እውነት ሆኖ ስላገኘሁት ነው።

ደኅና ሁኚ፣
ዝማሬ