ስድስቱ እንዴት ሁለት ሆነ

ለወንድምዓለሜ፣

እንዴት ከረምክ? ባለቤትህስ እንዴት ናት? ያ ጥርስ እያበቀለ ሲያስለቅሳችሁ የነበረው ልጅ ይኼኔ ትምህርት ቤት ገብቶ ይሆናል። አንተ አትጽፍ፣ እኔ አልጠይቅ፣ ወሬያችሁን በሰው በሰው ነው የምሰማው። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ስልህ ቆሜ እሄዳለሁ ማለቴ ነው። ቀን ሆስፒታል የልብ መከታተያ ማሽን ስፈታ ስገጥም እውላለሁ፣ ስመለስ አባባን አገላብጣለሁ፣ በማግስቱም ያው ነው፤ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ። ትናንት አውቶቡስ ውስጥ እንደቆምኩ እንቅልፍ ጥሎኝ ኖሮ፣ አንዲት ሴትዮ "ልጄ፣ ትከሻዬን መልሺልኝ እንጂ፣ ወራጅ ነኝ" አለችኝ።

አባባ ከታመሙ ስምንት ወር ሆናቸው። የጥገና ሱቃቸውን ዘግተን አሁን እኔ ጋ ናቸው። ግራ ጎናቸው አይታዘዝም፤ አንደበታቸው ደከም ይበል እንጂ አልተዘጋም። ባለፈው ሳምንት ለምርመራ ስወስዳቸው ሐኪሙ ወደ ኮሪደሩ ጠራኝና "የሚጠራ ሰው ካለ አሁን ይጠራ" አለኝ። እኔ የምጠራው ሰው አንድ ነው፤ እሱም አስራ አንድ ዓመት ሙሉ የአባቱን ደጃፍ አልረገጠም።

ስለዚያ ቀን ልጽፍልህ ነው። እባክህ መሃል ላይ ቀደህ እንዳትጥለው፣ እስከ መጨረሻው አንብበው።

የአዳራሹን የድምፅ ማጉያ፣ ያን አምፕሊፋየር፣ መቼም አትረሳውም። ድምፁ እየተቆራረጠ አምጥተውት፣ አንተ የተቃጠለውን ሬዚስተር ቀይረህ "አለቀ" አልክ። የዚያች ትንሽ ቺፕ፣ የኦፕ-አምፗ መግቢያ እግር ላይ በአዲሱ ዲጂታል ቴስተርህ ብትለካ ስድስት ቮልት። አባባ ያንን ባለመርፌ ቴስተራቸውን፣ "ሽማግሌው" የሚሉትን፣ አምጥተው እዚያው እግር ላይ ቢለኩ ሁለት። "ያልሆነ ሬዚስተር ገጥመህ ስድስት ትለኛለህ?" አሉ። "አባባ፣ ስድስት ነው" አልክ። "ሽማግሌው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዋሽቶኝ አያውቅም፤ ውሸታም ከሱቄ ይውጣ!" አሉ። አንተም የአባትህ ልጅ ነህና በእልህ የመበየጃ ካውያህን ከሶኬት ነቅለህ ጠረጴዛው ላይ ጥለህ ወጣህ። ካውያው ሳይበርድ አንተ ከመንገዱ ማዶ ነበርክ።

ነገሩ እኮ ዛሬ በሥራዬ በየቀኑ የማየው ነው። ከሰው ቆዳ ላይ የሚመጣው የልብ ምት ኤሌክትሪክ በጣም ደካማ ነው፤ የሚቀበለው ማሽን ትንሽ እንኳ ከሳበው ይጠፋል። ኦፕ-አምፕ የምናስገባው ለዚህ ነው። የመግቢያው ኢምፒዳንስ፣ ማለት ኤሌክትሪኩን አላሳልፍም የሚልበት አቅም፣ ትልቅ ስለሆነ ያዳምጣል እንጂ ምንም አይቀማም። የመውጫው ደግሞ ትንሽ ነው፤ ሸክም ቢጭኑበትም አይንበረከክም። ሽማግሌው ግን መርፌውን የሚያነሳበትን ጉልበት የሚወስደው ከሚለካው ነገር ላይ ነው። ጠንካራ ቦታ ላይ ችግር የለም። እንደዚያች እግር አቅመ ቢስ ቦታ ሲነካ ግን ስድስቱን ራሱን ጎትቶ ሁለት ያደርገዋል። አንተ አልዋሸህም፣ እሳቸውም ያዩትን ነው የተናገሩት።

ያ አምፕሊፋየር ባለቤቶቹ ሳይወስዱት ቀርቶ ከሱቁ ዕቃ ጋር እኔ ቤት ነው ያለው። ቅዳሜ ጠዋት ከአልጋቸው አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ከፈትኩት። ዲጂታሉን ከእግሯ ጋር አገናኘሁት፤ ስድስት። ሽማግሌውን ጨመርኩ፤ ሁለቱም ሁለት አሉ። ሽማግሌውን ሳነሳው ዲጂታሉ ወደ ስድስት ተመለሰ። "ድገሚው" አሉ። ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። ከዚያ ሁለቱንም ወደ ቺፗ መውጫ አዛወርኳቸው። ያች ቺፕ የተቀበለችውን እንዳለ ነው የምታወጣው፤ ሁለቱም ስድስት አሉ። ያን ቀን አንዲት እግር ፈንጠር ብላችሁ ብትለኩ ኖሮ ጠብም አልነበረም።

አባባ "ለካ የጎተትኩት እኔው ነኝ" አሉና በደህናው እጃቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። ሲያለቅሱ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ቀጥለው "ይህን መቼ አወቅሽ?" አሉኝ። "ትምህርት ቤት፣ በኋላ ነው" አልኳቸው።

ዋሸሁ፣ ወንድምዓለም። ያ ሱቅ በቀትርም ጨለማ አይደል? መብራት ይዤ ከጠረጴዛው በላይ የቆምኩት እኔ ነበርኩ። ያንተ ቴስተር ገና አልተነሳም ነበር። አባባ ሽማግሌውን ሲያስጠጉ ቁጥርህ ከስድስት ወደ ሁለት ሲወርድ፣ ሲያነሱት ሲመለስ፣ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። አንተ የምታየው የእሳቸውን ፊት፣ እሳቸው የሚያዩት መርፌውን ነበር። ለምን እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ ግን "አባባ፣ ይችን እዩ" ማለት ምን ያቅተኛል? ፈራሁ ልልህ ነበር፣ ፍርሃትም ነበረበት። እውነቱ ግን ወንበርህን ፈለግኩት። አንተ እያለህ እኔ መብራት ከመያዝ አላልፍም ነበር። በማግስቱ ወንበርህ ላይ ተቀመጥኩ፣ ካውያህን ጨበጥኩ፤ ዛሬ የምኖርበትን ሙያ ያገኘሁት ከዚያ ነው። ሆድ ይፍጀው ብዬ ያዝኩት፤ እውነትም ፈጀኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ብትለኝ እውነትህን ነው።

ተቆጣ፤ ግን እኔን ተቆጣ። ለእሳቸው ና።

ዛሬ ልጽፍልህ እንደሆነ ስነግራቸው፣ "ምን ልበልልዎ?" አልኳቸው። "ስድስት ነበር በይው" አሉ። ልነሳ ስል እጄን ያዙኝ። "ያን ቀን መብራቱ ግድግዳው ላይ ሲወዛወዝ ነበር" አሉኝ። "ይህች ልጅ እጇን ምን አንቀጠቀጠው ብዬ ነበር።" ከዚያ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ እጄን ግን አልለቀቁትም። ይህን የምጽፍልህ በሌላኛው እጄ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው፣ ፊደሉ ቢንጋደድ ይቅር በለኝ።

ቤትህ ይሙቅ፣ ልጆችህ ይደጉልህ፣ እግርህን እንቅፋት አይንካው። መንገዱን ያቅናልህ።

መብራት ይዛ የቆመችው እህትህ