ጣቶችህ ያሉበት ግድግዳ

መኬዬ፣ የቤቴ አባወራ፣

ከሁሉ በፊት የጋሽ አየለን ነገር ልንገርህ። አንተ ከሥራ ስትገባ ጫማህን እንኳ ሳታወልቅ «ጎረቤታችን እንዴት ዋለ?» ነበር የምትለው፤ አሁንም ብትችል መጀመሪያ የምትጠይቀኝ እሱን ነው። ጋሽ አየለ ደህና አይደለም። ከፋሲካ ወዲህ ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ ብሎታል። አንድ ጠዋት ሸሚዙን ሊቆልፍ ሲል እጁ እምቢ አለው፤ ልጁ በባጃጅ ሆስፒታል አደረሰው፤ ደም ግፊት ነው አሉት። አሁን በከዘራ ከደጁ እስከ አጥሩ ይሄዳል። ምላሱ ግን ተመልሶለታል፣ ተረቡም አብሮት ተመልሷል። እትዬ ብርሃኔ «እጁ ድኖ ምላሱ ቢቀር ይሻለኝ ነበር» እያለች ታማርራለች፤ አፏ ነው እንጂ ማታ ማታ እግሩን በሞቀ ውኃ ስታሽ አያታለሁ። ትንሿ ልጃቸው ማሻ ከተማ አግብታ አልነበር፣ ወንድ ወልዳለች። እትዬ ብርሃኔ የልጅ ልጇን ለማየት ነፍሷ ወጥታለች፤ ግን ባሏን ለማን ትታ ትሂድ። የገንፎውን ዱቄትና ቅቤውን ለሹፌር ሰጥታ ላከች፤ እሷ እዚሁ ቀረች።

አንተ ከሄድክ ሁለተኛው ክረምት ሊገባ ነው። ክረምት እላለሁ እንጂ እዚህ ሚዛን ዝናቡ መቼ ወጥቶ ነው የሚገባው። ሙት ዓመትህን አውጥተናል፣ ከሌንም አውልቄአለሁ። ሰው «አሁንስ ለመድሽው?» ይለኛል። አዎ እላለሁ፣ ሰው እንዳይጨነቅ።

የምጽፍልህ ስለ ቤቱ ነው። ጽሕፈቴን ታውቀዋለህ፣ ከስምንተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ የገደፍኩትን አንተው እያቃናህ አንብበው። ጀምረኸው የሄድከውን ቤት በአቅሜ ስነካካው ከረምኩ። ብር የሚጠይቀውን ትቼ እጅ የሚጠይቀውን ያዝኩ። መጀመሪያ ኮርኒሱን። ያ የአይጥ ሽንት ካርታ የሠራበት አቡጀዲ፣ ተኝተን ቀና ስንል «ይሄ ጋምቤላ ነው፣ ይሄ ሱዳን» የምትለኝ፣ እሱን አወረድኩት። የማዳበሪያ ከረጢት አጠብኩ፣ ስፌቱን ተርትሬ ገጣጥሜ ሰፋሁት፣ ከማሻ በመጣ ቀርከሃ ወጥሬ በሚስማር ያዝኩት። ጽሑፉ ወደ ጣራው ነው፣ ንጹሑ ጎን ወደ እኛ። ካልተነገረው በቀር ከረጢት ነው ብሎ የሚጠረጥር ሰው የለም። ችግሩ እኔ ለመጣው ሁሉ እነግራለሁ።

መጋረጃው የቡና ጆንያ ነው፤ ደጋግሜ አጥቤ ጫፉን በቀይ ክር ጠለፍኩት። መደርደሪያውን ከቲማቲም ሣጥን ሠራሁ። ናቲያችን ቴፒ ከሚሠራበት ጋራዥ የተረፈ የባጃጅ ቀለም በጠርሙስ አመጣልኝ፤ በሩንና መስኮቱን ሰማያዊ አደረግኳቸው። ጋሽ አየለ ያኔ ጤነኛ ነበር፣ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ «የናቲ እናት፣ እንግዲህ ተሳፋሪ ጠብቂ» አለኝ። ውስጡን በሙሉ ኖራ ቀባሁት፤ የሚደገፈውን ሰው ልብስ ነጭ እንዳያደርግ ጨው ጨምሬበት። የጓሮውንና የጎኑን ግድግዳ በእበትና በአሸዋ ራሴ ለሰንኩ። ብታየው ትኮራብኝ ነበር።

የፊቱን፣ በረንዳው ላይ ያለውን ግን አልነካሁትም።

ያ ግድግዳ እንዴት እንደቆመ ከእኔ በላይ አንተ ታውቃለህ። ጭድ ከሩቅ በመኪና ተጭኖ የሚመጣበት አገር ነው ያለነው፤ ጤፍ ያለበት ሰው ጭድ አለው፣ እኛ ያለን ቡና ነው። አንተ የምትሠራበት የቡና መቀሸሪያ ጓሮ ደግሞ የጀንፈሉ ገለፈት እንደ ተራራ ተከምሮ ይጣላል። አንድ ቀን በጋሪ ጭነኸው መጣህ። «ጭድም የእህል ልብስ ነው፣ ይሄም የቡና ልብስ ነው» አልክ። እኔም እውነት መሰለኝ፣ እንዲያውም ብልህነትህን ለእትዬ ብርሃኔ ተናገርኩልህ። ከጭቃው ጋር አቡክታችሁት፣ ጋሽ አየለ ሱሪውን ጠቅልሎ ሊረግጥ ሲገባ «መኮንን፣ ቤት ነው የምትሠራው ወይስ ጀበና?» አለህ። ጭቃው ሲከርም ደግሞ ሽታው እንደ ኮመጠጠ ቦርዴ ሆነ። መንገደኛ ቆሞ «እዚህ ቤት መጠጥ ይሸጣል እንዴ?» ይል ነበር። አንተም «ገና አልደረሰም፣ ቅዳሜ ና» ትለዋለህ።

መርገህ ስትጨርስ ጭቃው እርጥብ እንዳለ በጣቶችህ ሳብክበት። ከማዕዘኑ ጀምረህ እስከ በሩ፣ ከላይ እስከ ታች፣ እንደ ማሳ ትልም። መቀሸሪያው ማሽን የቀለበት ጣትህን ጫፍ ስለወሰደው ከአራቱ መስመር አንዱ ሁልጊዜ ቀለል ይላል። ከሩቅ አይለይም፣ ቀርቦ ለሚያይ ግን የአንተ እጅ መሆኑን እሱ ይናገራል። «ሲደርቅ እንለስነዋለን» አልክ። እስኪደርቅ ሆድህን ጀመረህ።

ቀን ቀን ፍራሽህን በረንዳው ላይ እናወጣልህ ነበር፣ ነፋስ እንድታገኝ። ፊትህ ወደ ግድግዳው ነበር። አንድ ጠዋት ከመስኮቱ በታች እንጉዳይ በቅሎ አገኘነው። ጠቆር ያለ፣ ጃንጥላው ትንንሽ። እኔ ደነገጥኩ። አንተ «ተይው፣ ለጾሙ ወጥ ይሆናል» ብለህ እስክታስል ሳቅህ። ከዚያ ወዲያ ስትስቅ አላየሁህም።

እንግዲህ ይህን ግድግዳ እንዴት ልለስነው። አቧራ ስጠርግ ጣቶቼን በመስመሮችህ ውስጥ እከታለሁ። የእኔ ቀጫጭን ናቸው፣ አይሞሉትም። ናቲ ለሙት ዓመትህ ሲመጣ «እማዬ፣ መንገደኛ ሁሉ ያየዋል፤ ያላለቀ ቤት ይመስላል» አለኝ። «ያላለቀ ነው» አልኩት። ልጄ ነገሩን ተወው። ጋሽ አየለ ግን ዝም የሚል ሰው አይደለም። «የናቲ እናት፣ ጣት የሚሳበው ልስኑ የሚይዝበት እንዲያገኝ ነው እንጂ እንዲታይ አይደለም። መኮንን ራሱ ቢኖር በሳምንቱ ይደፍነው ነበር። እንዲህ ራቁቱን ካቆየሽው ዕድሜ የለውም» አለኝ። እውነቱን ነው። ከለሰንኩት ጣቶችህ ይቀበራሉ፤ ካልለሰንኩት ግድግዳው ይወድቃል። እኔ ሁለቱንም እንቢ አልኩ።

ያላደረግኩት የለም፣ መኬ። ከጣራው ክፈፍ በታች ቀርከሃ ቀጥዬ ላስቲክ አወረድኩለት፤ ዝናቡ ከጎን መጣ። ላስቲኩን እስከ መሬት አስረዘምኩት፤ ግድግዳው ከኋላው አላበውና ሻጋታ አወጣ። ቦይ ቆፈርኩ። እንጉዳዩ በበቀለ ቁጥር እየነቀልኩ አመድ ነሰነስኩበት፤ በሌላ በኩል ይወጣል። ናቲ በስልኩ ፎቶ አነሳልኝ፣ ከተማ ወስዶም አሳጠበልኝ። ፎቶው ላይ የሚታየው ጭቃ ነው። ሌላ ምንም የለበትም።

በመጨረሻ አንድ ሐሳብ መጣልኝ፤ ያ ሁሉ ከረጢትና ሣጥን ያስተማረው እጄ እዚህ ላይ አያሳፍረኝም ብዬ። ጋሽ አየለ ቤቱን ሲያድስ የጣለው የመስኮት መቃን ነበር፤ ፍቄ ቀባሁት። ከበሩ አጠገብ፣ እጅህ ዞር ያለበትን ቦታ በካሬ ቆርጬ አውጥቼ፣ በመቃኑ ውስጥ አድርጌ ሳሎን ልሰቅለው። የተቀረውን እለስነዋለሁ፣ ያችን ታህል ትበቃኛለች አልኩ። ሚስማሩን ሁሉ አስቀድሜ መትቻለሁ። ከሥር ላስቲክ አነጠፍኩ፣ በወጥ ቤት ቢላ ቀስ እያልኩ ዙሪያውን ቆረጥኩ። ሳላነሳው፣ ገና ሁለት እጄን ከሥሩ ሳስገባ፣ ፈሰሰ። እንደ ዱቄት ፈሰሰ። አናጢው በቀለ በኋላ ነገረኝ፤ ጭድ ረጅም ነው፣ ጭቃውን እንደ ክር ሰፍቶ ይይዘዋል፣ ጭድ ቢሆን ኖሮ ተቆርጦ ይወጣልሽ ነበር አለኝ። ገለፈት ግን ሽርፍራፊ ነው፤ ከበሰበሰ የሚይዘው ነገር የለም።

ያኔ ነው በቀለ ቋሚዎቹን ልይ ያለው። በቆረጥኩት ቀዳዳ ቢላውን ወደ እንጨቱ ሰደደው፤ እንደ ተቀቀለ ጎደሬ ተቀበለው። «እትዬ፣ ይሄ ሌሊት ላይ ነው የሚወድቅብሽ» አለኝ። ናቲ ከቴፒ ደውሎ አለቀሰብኝ፤ «አባዬን ቀብሬያለሁ፣ አንቺን ከጭቃ ሥር ቆፍሬ እንዳላወጣሽ» አለኝ። ልጄን እንዲህ ካስባልኩት በኋላ ምን ብዬ እከራከራለሁ።

ቅዳሜ አፈረሱት። በገመድ ጎትተው። ጩኸት ይኖረዋል ብዬ ጆሮዬን ይዤ ነበር፤ እርጥብ ስለነበር አቧራ እንኳ አላነሳም፣ ዝም ብሎ ተኛ። ወንዶቹ በአካፋ ወደ ቦዩ ደፉት። ማታ ዝናብ መጣና ወሰደው።

አሁን በቦታው ላስቲክ ተወጥሯል። ነፋሱ ላስቲኩን ሲገልጠው ሳሎኔ በሙሉ ከመንገድ ይታያል፤ የከረጢቱ ኮርኒስ፣ የጆንያው መጋረጃ፣ መደርደሪያው። ኖራው ረጥቦ እንባ እንደ ወረደበት ፊት ሆኗል። ያ ሁሉ ያሳመርኩት ያንን ግድግዳ ከኋላው ለማቀፍ ነበር መሰለኝ፤ አሁን ለምን እንደሆነ አላውቅም።

አልረሳህም ብዬ ልጽፍልህ አስቤ ነበር። ሰው ሁሉ ለሙቱ የሚለው እሱን ነው። እኔ ግን ያየሁትን ልንገርህ። ዓይኔን ጨፍኜ ግድግዳውን ከማዕዘኑ እጀምራለሁ፤ አራቱ መስመር ጎን ለጎን ይሄዳሉ፣ ሦስተኛው ቀለል ይላል፤ በሩ ጋ ስትደርስ ደክሞህ ነበር መሰል፣ ጠለቅ ይላሉ፣ ከዚያ ዞር ይላሉ። ከመስኮቱ በታች ያለው ግን ይጠፋብኛል። እዚያ ወደ ላይ ነበር የሚዞሩት ወይስ ወደ ታች? ገና ሳምንቱ ነው፣ መኬ፣ ከወዲሁ ጠፋኝ። የምጠይቀውም የለም፤ ያንን ያህል ቀርቦ ያየው ሰው እኔ ብቻ ነኝ። ያም ሆኖ ቃሌ ይሄ ነው፦ የቀረኝን ያህል፣ ከማዕዘኑ እስከ በሩ፣ በየቀኑ አንድ ጊዜ እሄድበታለሁ። የጠፋውን አልፌ እሄዳለሁ።

ከቅዳሜ ወዲህ ሰው አልተለየኝም። እትዬ ብርሃኔ ጎደሬ ቀቅላ ይዛ መጣች፤ ላስቲኩን አየችና «ነፍሱን ይማር» አለች፤ ምን እንዳለች የገባት ከተቀመጠች በኋላ ነው። ጋሽ አየለ እስከ አጥሩ መጥቶ ቆሞ ቆይቶ ምንም ሳይል ተመለሰ። ያ ሰው ምንም ሳይል። የዕድሩ ሴቶች እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ገቡ፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ነበር፣ መጀመሪያ ማን እንዳዘቀዘቀ አላየሁም። እንደ ለቅሶ ቤት ዙሪያውን ተቀመጡ። አንደኛዋ «ደግሞም ግድግዳ ነው፣ ይተካል» አለች። ሌላዋ በክርኗ ጎሰመቻት። ናቲ ትናንት መጥቶ አደረ፤ ብሎኬት እናድርገው አለኝ፣ ከየት አምጥተን አልኩት፣ እንደ አንተ አንገቱን አከከ።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ አናጢው በቀለ ሜትሩን ይዞ መጣ። አዲሱ በጭድ ነው፣ የተማመነበት ጭድ አግኝቷል፤ ቋሚዎቹንም በተቃጠለ ዘይት ቀብቶ ነው የሚተክላቸው። ቦታውን ለካ፣ ጻፈ፤ ሲወጣ በሩ ላይ ቆመና «አይዞሽ እትዬ፣ ይሄኛው ከአንቺ ዕድሜ በላይ ይቆማል» አለኝ። ደስ እንዲለኝ ብሎ ነው።