ተረኛው ሳይመጣ

ለውድ እህቴ ለዙበይዳ መሕሙድ፤

አሰላሙ አለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እህት ዓለም፣ እንዴት ሰነበትሽ? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? የጅዳ ሙቀትስ፣ አሠሪዎችሽስ? ሐዘን ላይ ያለን ሰው ይህን ሁሉ መጠየቅ እንደማይገባ አውቃለሁ፤ ግን ደብዳቤ በሌላ መጀመር አላውቅበትም። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እማዬም እህል መቅመስ ጀምራለች።

እኔን ብትይ ደንዝዣለሁ። የአባዬ ጀናዛ ሲወጣ አላለቀስኩም። አፈር ሲለብስም አላለቀስኩም። የቅሬያችን ዕድርተኞች ድንኳን ሲተክሉ ካስማው ላልቷል እያልኩ ስቆጣ ነበር። ሰው "ሀፊዝ ጎበዝ ነው፣ ቻለው" ይላል። መቻል አይደለም፣ ምንም አይሰማኝም።

በስልክ "አባዬ መጨረሻ ላይ ምን አለ?" ስትይኝ ወሬ የቀየርኩብሽ እማዬ አጠገቤ ስለነበረች ነው። ብትሰማው ይብስባታል። አሁን የጎረቤታችን ልጅ ሀናን ወደ ጅዳ ስለምትመጣ፣ በእጇ ይድረስሽ ብዬ ጻፍኩት።

ምላሱ ከተሳሰረ ወዲህ አባዬ የሚናገረው በእጁ ነበር። የፋብሪካው ሽመና ክፍል ውስጥ በማሽኑ ጩኸት ሰው ከሰው ስለማይደማመጥ በእጅ እንደሚግባቡ ታውቂያለሽ። ያን ልማዱን ቤት ድረስ አምጥቶት የለ? እኔን ሲጠራ ጆሮውን ይይዛል፣ አንቺን ሲጠራ ለስርጉድሽ ብሎ ጣቱን ጉንጩ ላይ ያደርጋል።

የገራዶ ገበሬ ልጅ ኮምቦልቻ ወርዶ፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በመጥረግ ጀምሮ፣ ማሽን ጠጋኝ ሆኖ ጡረታ ወጣ። ዕድሜውን ሙሉ ጎህ ሳይቀድ ከደሴ በሰርቪስ የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርድ ኖረ። ጡረታ ከወጣ በኋላ እንኳ ሰኞ ገበያ ሄዶ የሰው ጨርቅ ገልብጦ ሽመናውን ሳይመረምር አይመለስም፤ ነጋዴዎቹ "መሕሙድ መጣ፣ ጣቃውን ደብቁ!" እያሉ ይቀልዱበት ነበር። በሥራው ግን ቀልድ አያውቅም። ተረኛው ሳይመጣ ማሽኑን ጥሎ አይወጣም። አንቺ የተወለድሽ ዕለት ተረኛው ቀርቶበት ሁለት ፈረቃ ሠርቶ መምጣቱን እማዬ እስከ ዛሬ ይቅር አላለችውም።

የዚያን ቀን ከዙህር ሶላት በኋላ ጣቱን ጉንጩ ላይ አደረገ። ቤቱን የሞሉት ዘመዶች አሳክኮት መስሏቸው በእርጥብ ጨርቅ ጠረጉለት። ደግሞ አደረገ፣ ደግመው ጠረጉለት። ከዚያ መዳፉን ገልብጦ ወደ በሩ ዘረጋ። ይህን እኔም አላወቅሁትም። ከኮምቦልቻ ሊጠይቁት የመጡት የሥራ ጓደኛው ጋሽ አምባዬ ግን እንባቸው ቀደማቸው። "ተረኛው መጣ ወይ ማለቱ ነው" አሉኝ በጆሮዬ። አንቺን ነበር የሚጠብቀው፣ ዙበይዳ።

ምን ላድርግ? ጎንበስ ብዬ "መንገድ ላይ ናት አባዬ፣ እየመጣች ነው" አልኩት። ያን ጊዜ እጁን ደረቱ ላይ መለሰ። እማዬ ሸሃዳ አስባለችው፣ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። የአስር ሶላት ሳይደርስ አለፈ። አላህ ይዘንለት።

እማዬ ሁለቱንም ጉንጭሽን ስማሻለች። ባለቤቴ ከሪማ ሶብር አድርጊ ትልሻለች። ልጃችን ሙንዚር ስምሽን መጥራት ለምዷል። ጋሽ አምባዬም እግዜር ያጽናሽ ብለውሻል።

አሠሪዎችሽ በቀላሉ እንደማይለቁሽ አውቃለሁ። ቢሆንም ነይ። አባዬ አምኖኝ ነው የሄደው።

ወንድምሽ ሀፊዝ
ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ
ታኅሣሥ 14 ቀን 2018 ዓ.ም.