«ተከራይ» ተብዬ መመዝገቤ እንዲታረምልኝ

ለሕዝብና ቤተሰብ ጥናት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ናፖሊ
ጃንዋሪ 19 ቀን 2004 እ.ኤ.አ.

ጉዳዩ፦ የሟች ሶሲዮ ካራንዴንቴ የትዳር ጓደኛ ተብዬ እንድመዘገብ፣ በሚመጣው ጥናትም እኔን መሰሎች እንድንቆጠር ስለ ማመልከት

ክቡር ሆይ፣

አመልካች አኒዬሎ ቱፋኖ እባላለሁ፤ ይህን ስም ግን ካጠመቁኝ ቄስ በቀር የሚጠራው የለም። ሰፈሬ መጥተው «ኢማኮላታ የት አለች?» ቢሉ ድመቱም ቤቴን ያሳይዎታል። ወንድ ሆነን ተወልደን በሴት ወግ የምንኖር ሰዎች በዚህ ከተማ ከጥንትም ነበርን፤ ፌሚኒዬሊ ይሉናል። ደብዳቤውን የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ሶሲዮ ከሞተ ወዲህ በማታ ትምህርት ሲሆን፣ ከክፍሉ አንደኛ ነኝ። ሁለተኛዋ ዓይናቸው የደከመ አሮጊት ናቸው፤ ያም ሆኖ አንደኛ አንደኛ ነው።

1. ሥራዬ ቶምቦላ ማጫወት ነው። ዕጣውን ከቅርጫት እያወጡ መጥራት በእኛ አገር የፌሚኒዬሊ ወግ ነው። ተጫዋቾቹ ሴቶች ብቻ ናቸው፤ ወንድ ደፉን አያልፍም። እንደ እኔ ያለ ጠሪ በከተማው አልተፈጠረም። ዓሣ ነጋዴው ሶሲዮ ያጨኝ ከበሩ ውጭ ደረጃው ላይ ቆሞ ነው። «አንቺ ሴትዮ! የእኔንም ቁጥር አውጪው እንጂ፣ እግሬ እኮ ደነዘዘ!» እያለ ይጮኻል። ሴቶቹ ደግሞ «ሂድ ወዲያ፣ አንተ ሰርዲን!» ይሉታል። በኋላ አንድ አልጋና አንድ ድስት ይዘን አረጀን። በሰፈራችን ሕፃን ሲወለድ ገድ ነው ተብሎ እኔ እንዳቅፈው ይሰጠኛል፤ ጎረምሶቹ ሁሉ በክንዴ ያለፉ ናቸው።

2. ካቻምና በመኸር የጽሕፈት ቤትዎ ሠራተኛ፣ ጨዋ ሴት ናቸው፣ ሊመዘግቡን ቤታችን መጡ። ሶሲዮ ሳንባውን ታሞ ተኝቷል።

«አብረውዎት የሚኖሩት ምንዎ ናቸው?» ሲሉት፣ «ሚስቴ ናት» አለ።

«አባባ፣ መታወቂያቸው እኮ ወንድ ይላል። ዘመድ፣ እንግዳ፣ ተከራይ፤ እኔ ያለኝ ይኸው ነው።»

«ተከራይ? ይቺ? አንድ ቀን ኪራይ ከፍላኝ ታውቃለች?»

ሦስታችንም ሳቅን፤ እርሳቸው ግን እየሳቁ «ተከራይ» ብለው መዘገቡኝ። ሶሲዮ ሳቁ ወደ ሳል ዞረበት። ሴትዮዋ ከሄዱ በኋላ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና «ኢሙዬ፣ ስሞት ማን ነው የሚያለቅስልኝ፣ ተከራዬ?» አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ስስቅ እንቅልፍ ወሰደው። የገና በዓል ሳይደርስ ሞተ።

3. ሰፈሩ ያውቃል። ለቀብር ሲመጡ ሁሉም የጨበጡት የእኔን እጅ ነው። የማያውቀው መንግሥት ብቻ ነው።

4. በእኛ ጨዋታ አንድ ሕግ አለ፤ ከቅርጫት የወጣ ቁጥር ሳይጠራ አይመለስም። ጠሪው አይቶ ቢመልሰው ሴቶቹ ቅርጫቱን ራሱ ላይ ይደፉበታል፤ እኔም አብሬ እደፋበታለሁ። ክቡርነትዎ፣ ሠራተኛዎ ቤታችን ገብተው ሁለታችንን በዓይናቸው አይተው መልሰው ከተቱን።

ስለዚህ በሶሲዮ መዝገብ ላይ «ተከራይ» የሚለው ተሰርዞ «የትዳር ጓደኛ» ተብሎ እንዲታረም፣ በሚመጣው ጥናትም እንደ እኛ ያለ ሰው ሲጠየቅ መልሱ የሚጻፍበት ቦታ እንዲኖር በትሕትና አመለክታለሁ። መናገር የፈራ ግን አይገደድ፤ የሚፈሩ ብዙ ናቸው። ሠራተኛዎ ዳግመኛ ሲመጡ ቤት ውስጥ የሚያገኙት እኔን ብቻ ነው። እባክዎን «ያላገባ» አይበሉኝ። ባሏ የሞተባት ይበሉኝ።

ዘንድሮ ለገና ቶምቦላ ያጫወትኩት በሩን ገርበብ አድርጌ ነው። ሴቶቹ ብርድ ገባ ብለው አልተቆጡኝም። ቁጥሩን ሁሉ ጠርቼ ጨረስኩ፤ ከደረጃው ግን የሚጮኽ አልነበረም።

መልስዎን ከሚጠብቅ ልብ ሰላምታ ጋር፣

ፊርማ (እስከ አምና የጣት አሻራ ነበር)፦
አኒዬሎ «ኢማኮላታ» ቱፋኖ
የሶሲዮ ካራንዴንቴ ባለቤት