እመት ሐዋ ከቅሬ ነጻ ይሁኑ

ሰኞ፣ ሰኔ 1። ምሳ ሰዓት፣ ቢሮ።

ፋይል ከፍቼ ተቀምጫለሁ። አንድ መስመር አላነበብኩም። ጀርባዬን ይጠዘጥዘኛል፣ ጥፍሬ ውስጥ ጭቃ አለ፣ ደስ ብሎኛል። ማስታወሻዬ፣ ትናንት ደክሞኝ ሳልጽፍልህ ተኛሁ። ቤቱን አስረከብን! ከጦርነቱ ሸሽተው ከመጡ ወዲህ የቅሬያችን አዳራሽ በረንዳ ላይ የሚያድሩት እመት ሐዋ ዛሬ ከራሳቸው ቤት ወጡ። በሩን ቆልፈው ቁልፉን መቀነታቸው ላይ ሲቋጥሩ በዐይኔ አየሁ።

የሠራው ሰፈሩ ነው። የመርሳ ሰው ከተነሣ ተነሣ ነው። ክርስቲያኑ እንጨት ተሸከመ፣ ሙስሊሙ ጭቃ ረገጠ፣ ሲደክማቸው ተቀያየሩ። ከሲሪንቃ ሊጠይቀኝ የመጣ ያክስቴ ልጅ ሳይቀር ሱሪውን ጠቅልሎ ገባ። ቅሬያችን እስከ ዛሬ ሙት መቅበርና ሐዘንተኛ ማጽናናት እንጂ ቤት መሥራት የት ያውቅና! ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ ጸሐፊው። በል ጉራህን ተው።

ደግሞ በርክክቡ ላይ አንድ ነገር ጨመርኩ። እመት ሐዋ አቅም የላቸውም፤ ከመዋጮውም፣ ከተራውም፣ ከለቅሶ ቤት ሥራውም ነጻ ይሁኑ፤ መመዝገብም አያስፈልጋቸው፤ እኛ እንበቃለን አልኩ። ተጨበጨበ። የቅሬው ዳኛ ሐጂ እንድሪስ አላህ ይስጥህ ብለው መረቁኝ። እመት ሐዋ መሬት መሬቱን ያያሉ። ደስታው ከብዷቸው ነው መሰለኝ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 3። ከለቅሶ መልስ።

ልብስ ሰፊው ጋሽ ይመር አረፉ። ከእኛ ግቢ በታች ያሉት። ደግ ሰው ነበሩ፣ ይማራቸው። ጠዋት ለፋፊው በየበሩ እየቆመ ጠራ። ከዙህር በፊት ቀበርን። ድንኳን ተተከለ።

አሁን የምጽፈውን መጻፍ አልፈልግም። ግን ለማን ልንገረው?

ለፋፊው የእመት ሐዋን በር አልፎ ሄደ። ምን ያድርግ፣ መዝገብ ላይ የሉም። የሚጠራው የተመዘገበ ነው። እሳቸው ግን ጩኸቱን ሰምተው መጡ። ንጹሕ ሻሽ ጠምጥመው፣ ንፍሮ በሳህን ይዘው፣ በላዩ ጨርቅ አልብሰው። ንፍሮውን ከየት አገኙት? ስንዴውን ማን ሰጣቸው? ድንኳኑ በር ላይ ተቀምጬ አያለሁ። ወደ ጓዳ፣ ሴቶቹ ወዳሉበት ገቡ። ብዙ አልቆዩም፣ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ሴቶቹ፣ እርስዎ ነጻ ነዎት፣ ምን አደከመዎት፣ ይረፉ ብለው ሳህኑን ተቀበሏቸው አሉ። ወጥተው ወደ ሴቶቹ ምንጣፍ ሲሄዱ አንዱ አስተናጋጅ ክንዳቸውን ይዞ፣ በአክብሮት፣ ከግቢው በር የኔ ቢጤዎቹ ከተቀመጡበት አስቀመጣቸው። እንጀራ በላስቲክ ጠቅልሎ ሰጣቸው። ይዘው ይግቡ ብሎ።

ላስቲኩን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ወደኔ አዩ። እኔ ምን አደረግኩ? ከጎኔ ካለው ሰው ጋር ስለ ማዳበሪያ ማውራት ጀመርኩ። ስለ ማዳበሪያ!

አርብ፣ ሰኔ 5። ጠዋት።

ባጃጅ ውስጥ ሰማሁት። ሴትየዋ በረንዳው ላይ ተመልሰዋል አሉ። ሹፌሩ ይስቃል። ቤት ሰጥተዋቸው ቤት አልወድም አሉ፣ ዘንድሮ ጉድ ነው ይላል። ወረድኩና በእግሬ ሄድኩ።

እውነት ነው። ያችው ማዳበሪያ ጆንያ፣ ያችው ጥግ። ምን ጎደለ አልኳቸው። ምንም። ጣሪያው ያፈሳል? አያፈስም። ሰው ተናገረዎት? ኧረ ማንም፣ አላህ ይስጣችሁ። ታዲያ? ሻሻቸውን ማስተካከል ያዙ።

ተናደድኩ፣ አልዋሽህም። ስንት ሰው ጭቃ የረገጠበት ነው! ሰው ምን ይለናል! ቃሌን ከፍ አድርጌ ተናገርኳቸው መሰለኝ። አላፊ አግዳሚው ቆሞ አየን። እሳቸው ጆንያቸውን ጎተት አድርገው ቦታ ለቀቁልኝ፣ ቁጭ በል የኔ አባት ብለው። አልተቀመጥኩም። ቢሮ ይረፍድብኛል አልኩ።

ሰኞ፣ ሰኔ 8። 10 ሰዓት።

ስልክ ከወልዲያ። ቤት ለሌላቸው የሚሠሩ በጎ አድራጊዎች ሐሙስ ይመጣሉ። የመርሳ ቅሬ ያደረገውን ማየት፣ የቤቱን ባለቤት ማነጋገር ይፈልጋሉ። ከወደዱት ለሌሎች ቤቶች ቆርቆሮ ይሰጣሉ። ለግራናና ለሐራ ቅሬዎችም ምሳሌ ትሆናላችሁ አለኝ ሰውየው። አመሰገንኩ። ስልኩን ዘጋሁ።

ቤቱ እኮ ባዶ ነው! ከመናኸሪያው ጀርባ ሸራ ወጥራ ከልጆቿ ጋር የምታድር ሴት አለች፤ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ቀጣዩ ቤት የሷ ነው ተባብለናል። ቆርቆሮው ከቀረ የሷም ቀረ። ለሐጂ ልንገራቸው? ልብ ድካም አለባቸው። ለብርቄ? ሚስቴ ሰሞኑን ለኔ ፊት የላትም፤ ምን እንደነካት እንጃ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 10። ማታ፣ ከራት በፊት።

ዐይኔን በጨው አጥቤ ሄድኩ።

እመት ሐዋ፣ አፈር ስሆን፣ ነገ ለአንድ ጠዋት ብቻ ቤቱ በር ላይ ይቀመጡልኝ አልኳቸው። እንግዶቹ እስኪሄዱ። የመናኸሪያዋን ሴት፣ ልጆቹን፣ ቆርቆሮውን፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ውሸት አልነበረበትም፤ እሱ ነው የሚገርመው፣ ሁሉም እውነት ነው። እምቢ እንዲሉኝ የፈለግኩ ይመስለኛል። እምቢ ቢሉኝ ለእንግዶቹ እውነቱን ከመናገር ሌላ መውጫ አልነበረኝም።

እሺ አሉ። መናገር አለብኝ ወይስ መቀመጥ ብቻ ነው ብለው ጠየቁኝ። መቀመጥ ይበቃል አልኩ።

ኧረ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ሐሙስ፣ ሰኔ 11። ከሰዓት።

መጡ፣ አዩ፣ ሄዱ። ወደዱት። ፎቶ ተነሣን። እኔ መሐል ነኝ።

እመት ሐዋ ከማለዳ ጀምረው በሩን ጠርገው፣ ውሃ ረጭተው፣ ደፉ ላይ ተቀምጠው ጠበቁን። እንግዶቹ ቤቱ ተስማማዎት ወይ አሏቸው። ቤቱ ደግ ቤት ነው አሉ። አልዋሹም። ከዚያ ሳይጠየቁ ዱዓ አደረጉ። ልጆቻችሁ ይደጉ፣ ደጃችሁ አይዘጋ፣ እጃችሁ አይጠር። አንዷ እንግዳ አለቀሰች። ሐጂ አሚን እያሉ ዐይናቸውን ጠረጉ። እኔ አሚን ማለት አልቻልኩም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

መኪናው እንደሄደ ቁልፉን ከመቀነታቸው ፈትተው እጄ ላይ አስቀመጡት። ንግግር አልጽፍብህም፤ የራሴ ንግግር ስለሚያታክተኝ ነው። ይሄን ግን እንዳሉት እጽፈዋለሁ።

«በረንዳው ላይ ሳለሁ ለማኝ ነበርኩ። ለማኝን ለለቅሶ የሚጠራው የለም፣ አልከፋኝም። ቤት ስትሰጡኝ ጊዜ ጎረቤት ሆንኩ ብዬ ንፍሮዬን ይዤ መጣሁ። ከበር መለሳችሁኝ። ጎረቤቱ የማይፈልገው ሰው ብቻውን ቤት ውስጥ ምን ይሠራል፣ ልጄ?»

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ጆንያቸውን አንሥተው ሄዱ።

ነጻ ይሁኑ ያልኩት እኔ ነኝ። ያስጨበጨብኩት እኔ! በእኛ አገር ቅሬ የሌለው ሰው ምን እንደሚባል ሳላውቅ ቀርቼ ነው? ጉባ ላፍቶ ገጠር ተወልጄ፣ አባቴ ከቅሬ ከሚወጣ ከርስቱ ቢነቀል ይመርጥ እንደነበር እያወቅኩ። ስንጣላ ትልቁ ቅጣታችን ምንድን ነው? ከቅሬ ማስወጣት። እሳት እንኳ እንዳይጫር መከልከል። ያንን ቅጣት በጭብጨባ ፈረድኩባቸው።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 13። ጠዋት።

ለብርቄ ነገርኳት። ጎመን እየከተፈች ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠች። ሳህኑን ከእጃቸው የተቀበልኩት እኔ ነኝ አለች። ያን ቀን ጓዳ። እርስዎ ነጻ ነዎት ያልኳቸውም እኔ ነኝ፣ ያንተን ቃል ነው የነገርኳቸው አለች። ንፍሮው ከሌላው ጋር ሳይቀላቀል ቀረ፤ ለዶሮ ተሰጠ። ለዚህ ነው ሰሞኑን ያኮረፈችኝ። እኔን አይታ ራሷን ታያለች።

ከዚያ ጮኸችብኝ። ሐሙስ ያደረግከው ደግሞ ከኔ የባሰ ነው አለች። የባሰ ነው፣ እሺ አልኩ። ነገ የቅሬ ስብሰባ ነው፤ ተነሥተህ ተናገር አለች። እናገራለሁ አልኩ።

እሁድ፣ ሰኔ 14። ከስብሰባ መልስ።

ተናገርኩ። ግማሹን።

እመት ሐዋ ይመዝገቡ አልኩ። ለምን ሲሉኝ ደንባችንን ማሻሻል ጥሩ ነው፣ ምናምን። እንደ ቢሮ ሰው አወራሁ። ከበር መመለሳቸውን አላልኩም። የሐሙሱን አላልኩም። ሁሉም ቆርቆሮው መጣልን እያለ ትከሻዬን ይመታል፤ በዚያ መሐል እንዴት ብዬ? ሰበብ ነው። ፈራሁ፣ በቃ።

ሐጂ ደንቡን አነሡ። ከሌላ አገር መጥቶ ዘመድ የሌለው ሰው ወደ ቅሬ የሚገባው በዋስ ነው። ተራው ቢያቅተው የሚሠራለት፣ ቢታመም የሚያስታምመው፣ ቢሞት ሬሳው ከቤቱ የሚወጣለት አባወራ ይቁም አሉ። ማን ይቆማል?

የተነሣ የለም። እኔ ጫማዬን አየሁ። በጭንቅላቴ የመጣው ደመወዜ ነው፣ ጠባብ ቤቴ ነው፣ እናቴም ታማብኛለች። እጄ ከጉልበቴ አልተነሣም። ብርቄ ከሴቶቹ ወገን እያየችኝ ነበር፤ ቀና ብዬ አላየኋትም ግን አውቃለሁ። በመጨረሻ ሐጂ በሚቀጥለው እሁድ ይታይ አሉ። ሁሉም እፎይ ብሎ ተነሣ። እኔም።

ማስታወሻዬ፣ አንተ ባታውቀኝ ይሻልህ ነበር።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 16። ማታ።

ዝናቡ መጣ። ዛሬ ከቀትር በኋላ፣ ከነነፋሱ። የአዳራሹ በረንዳ ፊቱ ለነፋስ ነው፤ ውሃው እስከ ግድግዳው ይገባል። ጃንጥላ ይዘን እኔና ብርቄ ወጣን። በመንገድ ላይ አልተነጋገርንም።

እመት ሐዋ ቆመዋል። ጆንያው ርሷል፣ መቀመጫ የለም። ብርቄ ጃንጥላውን ጥላ እግራቸው ላይ ወደቀች። የሳህኑን ነገር እያለቀሰች ነገረቻቸው። አብሽሪ፣ አብሽሪ ልጄ እያሉ አነሧት። እኔ ዋስ እሆናለሁ አልኩ። እንደ ጀግና ነው ያልኩት። ቤት ይግቡ፣ እሁድ በኔ ይመዘገባሉ፣ ሁሉን እኔ እጨርሳለሁ።

እምቢ አሉኝ።

ዋስ አልፈልግም አሉ። እኔ አካል አለኝ። ንፍሮ መቀቀል እችላለሁ፣ ውሃ መቅዳት እችላለሁ፣ ከሐዘንተኛ ጋር ተቀምጦ ማልቀስም እችላለሁ፣ ያልቻልኩ ቀን ደግሞ እንደማንኛውም ጎረቤት አልቻልኩም እላለሁ አሉ። በሰው ስም ከገባሁ ያው ተመጽዋች ነኝ። እሁድ መጥቼ ለቅሬው ራሴ እናገራለሁ።

ደግ አልኩ፤ እኔም ስለእርስዎ አስረዳለሁ፣ እንዲህ እንዲህ ብዬ እጀምራለሁ ብዬ ንግግሬን ስደረድር እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ።

«ስለኔስ እኔ እናገራለሁ። አንተ ያንተን ተናገር።»

 ብርቄ የወደቀውን ጃንጥላ አነሣች።

ለዛሬ ብቻ እኛ ቤት እንዲያድሩ ለመንናቸው። በግድ መጡ። አሁን እዚያ ክፍል ከእናቴ ጋር ናቸው። ሁለቱ አሮጊቶች ስለ አንድ የጠፋች በቅሎ እያወሩ ይስቃሉ። የማን በቅሎ እንደሆነች እንጃ። 

እሁድ፣ ሰኔ 21። ጠዋት።

ሳምንቱን አልጻፍኩም። ስንት ጊዜ አሰብኩት። ብናገር ምን ይመጣል? ሐጂ ፊት፣ ሰፈሩ ሁሉ ፊት። ፎቶው በየስልኩ ዞሯል። እንግዶቹ ሰምተው ቆርቆሮውን ቢያስቀሩስ? የመናኸሪያዋን ሴት ምን እላታለሁ? ይሄን ሁሉ ለእመት ሐዋ ትናንት ነገርኳቸው። ቆርቆሮው ከቀረ ጭቃ ረግጠን በሣር እንከድናለን አሉ። እንከድናለን ነው ያሉት። ከእኛ ጋር ቆጥረው ራሳቸውን።

ታጥበው፣ ለብሰው፣ በረንዳችን ላይ ቆመዋል። ብርቄ ሻሻቸውን ታስተካክላለች። እሳቸው ቀድመው ይናገራሉ። ከዚያ እኔ እነሣለሁ። ደንብ የለም፣ ማሻሻል የለም፣ ምናምን የለም። ከአንደበቴ እንዳይጠፋብኝ እዚህ እጽፈዋለሁ፦

ወገኖቼ፣ እመት ሐዋ ቤቱን ትተው ወጥተው ነበር። ከለቅሶው በር ሲመለሱ አይቼ ፊቴን ያዞርኩት እኔ ነኝ። እንግዶች ሲመጡ ከበረንዳው ለምኜ ቤቱ በር ላይ ያስቀመጥኳቸው፣ ፎቶውን መሐል ሆኜ የተነሣሁት እኔ ነኝ። ባለፈው እሁድ ሐጂ ማን ይቆማል ሲሉም ጫማዬን ያየሁት እኔ ነኝ። እመት ሐዋ ጠሩኝ፤ ሄድኩ።