ታናሹ ይነሳና ጉልበት ይሳም

ካልጋሪ፣ ሚያዝያ 21 ቀን 1988 ዓ.ም.

ይድረስ ለባለቤቴ እናት፤

እማማ፣ እንዴት ሰነበቱ? ወገብዎትስ ትንሽ ሻል አለልዎት? በዓሉን ደህና እንደዋላችሁ፣ እርስዎ ግን ዶሮውን ሳይቀምሱት እንደተነሱ ልጅዎ ውብነሽ በስልክ ነግራኛለች። እኔና አርያም በጤና አለን። በረዶው ገና አልለቀቀንም፤ እዚህ ፋሲካ ማለት ካፖርት ለብሶ እንኳን አደረሰህ መባባል ነው። አርያም አድጋለች። አያቴ እንግሊዝኛ ትችላለች ወይ እያለች ታስቸግረኛለች፤ ከእኔ የተሻለ ትችላለች ብያታለሁ።

ይህን ደብዳቤ ውብነሽ እንዳታነብልዎት። በመሠረተ ትምህርቱ ጊዜ ከሰፈሩ ሁሉ ቀድመው ያነበቡት እርስዎ ነዎት፤ እኔን ደግሞ በሰው ሁሉ ፊት ስንቴ ፎክረውብኛል። እንግዲያው መነጽርዎን ያድርጉና በሩን ዘግተው ራስዎ ያንብቡት። ፊደሉን አጉልቼ የጻፍኩትም ለዚሁ ነው።

የላኩብኝ መልእክት ደርሶኛል። ልጄን ዋስ ሁኚውና ቤቱ ይግባ፣ አንዱን ምጽዋ በልታብኛለች፣ ሁለተኛውን ደግሞ እስር ቤት አይብላብኝ ብለዋል። አለቀስኩ። ቀጥሎ ተናደድኩ። የተናደድኩት በእርስዎ አይደለም፤ ባለቤቴ ታደገ ጽፎ በላከልዎት ታሪክ ነው። ሁለት ቻይናዎች ሲደባደቡ ልገላግል ገብቼ አለ አይደል? ገላጋይ! እንግዲህ የሆነውን እኔ ልንገርዎት።

ጃው እና ሊን የሚባሉ ሰዎች ከታደገ ጋር ሥጋ ፋብሪካው ውስጥ አንድ ጠረጴዛ ላይ ይሠራሉ። ጃው ከትልቋ ቻይና ነው። ሊን ታይዋን ከምትባል ደሴት ነው። ደሴቲቱ የራሷ መንግሥት፣ የራሷ ገንዘብ፣ የራሷ ወታደር አላት፤ ትልቋ ቻይና ግን የኔ ክፍለ ሀገር ነሽ ትላታለች፤ ሌላው ዓለም ደግሞ ከማንም ላለመጣላት አፉን ይዞ ይኖራል። የካቲት ማለቂያ ላይ የደሴቲቱ ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ መሪያቸውን በድምፃቸው ሊመርጡ ሲዘጋጁ ቻይና ወደባቸው አጠገብ ካለው ባሕር ላይ ሚሳይል መተኮስ ጀመረች። የሊን እናት የሚኖሩት እዚያ ወደብ ነው። ሊን በእረፍት ሰዓት ስልክ አልገባ ብሎት ሲንቆራጠጥ ጃው ሳቀና፣ አትጨነቅ፣ ይሄ ለባለጌ ልጅ የሚሰጥ ኩርኩም ነው አለው። ሊን አፉን በቡጢ አለው። ጃው ደግሞ ፀጉሩን ይዞ ግንባሩን ከልብስ ማስቀመጫው ሎከር ጋር አላተመው። ሱፐርቫይዘሩ ለሁለቱም ዋርኒንግ ጽፎ፣ ከደገማችሁ በሩ ያውላችሁ አላቸው።

ታደገ ይህን ሲነግረኝ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ሰው ይወዳል፤ እሱን አልክድም። ፈረንጅ ማባረር እንጂ ማስታረቅ የት ያውቃል፣ እኔ ነኝ የማስታርቃቸው አለ። ጋሼ ወልዴን፣ የቤተ ክርስቲያናችንን ሽማግሌ፣ ለመናቸው። ሁለቱን ሰዎች ደግሞ እሁድ ከአምልኮ በኋላ ኤሪን ውድስ ሰፈር እኛ ቤት ጠራቸው። ሊን በዚያው ሳምንት ለምርጫው ወደ አገሩ ሊበር ቲኬት ቆርጦ ነበር፤ የመጣው ለታደገ ሲል ነው። ሥራ ሲጀምር ቢላ አያያዝ ያስተማረው ታደገ ነዋ።

ቀይ ወጥ ሠርቼ ነበር። ጃው በርበሬው አስለቀሰውና ሁላችንም ሳቅንበት፤ እሱም ከእኛ ጋር ሳቀ። ሊን ለአርያም ወረቀት እያጠፈ ወፍ ሠራላት። ጋሼ ወልዴ የሁለቱንም ቃል ሰሙ፤ ታደገ በሚያውቃት እንግሊዝኛ ያስተረጉም ነበር። ጃው፣ እናትህ እዚያ መሆናቸውን አላወቅኩም፣ በቃሌ አፍሬያለሁ አለ። ሊንም ስለ ቡጢው ይቅርታ ጠየቀ። እዚያ ላይ ጸልየን ብንነሳ ኖሮ ሁሉም በየቤቱ በሰላም በገባ ነበር።

ታደገ ግን ወጉ አልሞላም አለ። ወንድማማች ናችሁ፣ ትልቋ አገር ታላቅ፣ ደሴቲቱ ታናሽ፤ ታናሹ ይነሳና የታላቁን ጉልበት ይሳም፣ ወደ ቤቱም ይመለስ አለ። ሊን ፈገግ አለ እንጂ ከወንበሩ አልተነሳም። ታደገ አልገባውም ብሎ ትከሻውን ይዞ ወደ ወለሉ ጫን አደረገው። ሊን የታደገን እጅ ቀስ ብሎ ከትከሻው ላይ አነሳና፣ ከጃው ጋር ታርቄያለሁ፣ ቤቴ ግን የራሴ ነው፣ የማንም ታናሽ አይደለሁም፣ ቅዳሜ እንመርጣለን አለ። ጃው ራሱ፣ ተወው ታደገ፣ ይበቃል አለ። ጋሼ ወልዴም ነገሩ ሲከር አይተው ለሌላ ቀን እንቀጥረው አሉ።

ታደገ አንዱንም አልሰማም። በአማርኛ፣ ወንድሜ ታዲያ ምጽዋ ላይ ለምን ሞተ አለ። እማማ፣ እርስዎ በየዓመቱ ሰኔ ላይ ፎቶውን እያቀፉ የሚጠይቁትን ነው የጠየቀው። ሊን ግን አልገደለውም።

ታደገ ከወንበሩ ተነስቶ ወደ ኩሽና ሄደ። ተመልሶ ሲመጣ እርስዎ በሰው የላኩልኝን የብረት ዘነዘና ይዟል። የመጀመሪያው ምት የሊን መንጋጋ ላይ አረፈ። ደረቅ ጭራሮ ጉልበት ላይ ሲሰበር የሚሰማውን ድምፅ ያውቁታል፤ እሱ ነበር። ሊን ከነወንበሩ ወደቀ፤ ታደገ ላዩ ላይ ቆሞ ዓይኑ ላይ ደገመው። ወጡ ውስጥ ጥርስ አየሁ። ጋሼ ወልዴ ከኋላ ሲይዙት በክርኑ ደረታቸውን ብሎ ከግድግዳው ጋር አጋጫቸው፤ ሁለት የጎን አጥንታቸው ተሰብሯል። ሊንን ያተረፈው ጃው ነው። ተወርውሮ ላዩ ላይ ተኛበት፤ የሊንን ጭንቅላት በሁለት እጁ ሸፈነና ዘነዘናው የእሱን ጣቶች አደቀቃቸው። ታደገ እያንዳንዱን ምት ሲያሳርፍ፣ ተነስ፣ ሳም፣ ተነስ፣ ሳም ይል ነበር። ፖሊሶች መጥተው ደሙ ላይ በፊቱ ደፍተው እጁን ሲያስሩትም እሱኑ ይላል። ገላጋይ ያሉኝ ይህን ነው።

ሊን አንድ ዓይኑ ጠፍቷል። መንጋጋው በሽቦ ታስሯል። አገሩ ስትመርጥ እሱ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር፤ አውሮፕላኑም ጥሎት ሄደ። ጃው በፋሻ በተጠቀለሉ ጣቶቹ በየቀኑ ሾርባ ያመጣለታል። በስትሮ እያጠጣው ስለ ደሴቲቱ ይጨቃጨቃሉ፤ አንዳቸውም ንቅንቅ አይሉም። ነርሷ ቻይንኛ ስለማትችል የሚዋደዱ ወንድማማቾች ይመስሏታል።

ይቅርታ ልጠይቀው ሄጄ እንደ አገራችን ወለሉ ላይ ተንበረከክሁ። በታሰረ አፉ ተነሺ ብሎ ተቆጣኝ። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀኝ። ባልሽ ከወንበሩ ሲነሳ ሁላችንም ውሃ ሊጠጣ ነው ያልነው፤ አንቺ ግን ወዲያውኑ ልጅሽን አፈፍ አድርገሽ መታጠቢያ ቤት ቆልፈሽባት ተመለስሽ፤ እንዴት አወቅሽ አለኝ።

እማማ፣ አምና የላክንልዎትን ፎቶ አይተው፣ ቤት ውስጥ ጥቁር መነጽር ምን አስደረገሽ ብለው ጽፈውልኝ ነበር። በረዶው ያንጸባርቃል ብዬ መለስኩልዎት። እርስዎም ደግመው አልጠየቁኝም።

የታደገ ጠበቃ የዋስትናውን ወረቀት ይዞ መጥቶ ነበር። ከፈረምኩ ታደገ ፍርዱ እስኪሰጥ ድረስ ከእኛ ጋር ይኖራል። የቤተ ክርስቲያን ሴቶችም እየተፈራረቁ ኮል ያደርጉልኛል፤ አባወራ ነው፣ ቤቱ ነው፣ ትዳር ነው ይሉኛል። ታደገም ደወለ። ድምፁ የድሮው ነው፣ ያ ያገባሁት ሰው ድምፅ። እኔና አንቺ አንድ ነን፣ ምን ይለየናል አለኝ። አርያም እኔን እያየች ሁለት እጇን ራሷ ላይ አድርጋ ከሶፋው ኋላ ገባች። ማን እንደደወለ አልነገርኳትም ነበር። ስልኩን ዘጋሁት፤ ለጠበቃውም ብዕሩን መለስኩለት።

ልጅዎን አልጠላውም። ልብሶቹን አጥቤ፣ ተኩሼ፣ በሻንጣ አድርጌ ጋሼ ወልዴ ዘንድ አስቀምጫለሁ፤ የወንድሙንም ፎቶ ከነመስተዋቱ በፎጣ ጠቅልዬ ከላይ አድርጌዋለሁ። ከእንግዲህ ሲጽፉልኝ በኤሪን ውድሱ አድራሻ አይላኩ፤ በቤተ ክርስቲያኑ ፖስታ ሳጥን በጋሼ ወልዴ ስም ያድርጉት። የገባንበትን አዲስ አድራሻ ለውብነሽ አልሰጠኋትም። ለእርስዎም አልሰጥዎትም፤ ልጅዎ ሲለምንዎት እምቢ ማለት እንደማይሆንልዎት አውቃለሁ፤ በዚህም አልቀየምዎትም።

እግዚአብሔር ወገብዎትን ያጽናልዎት፣ ያለቀሱበትን ዓመት በደስታ ይካስልዎት። አርያምንም አድጋ፣ በሁለት እግሯ ደጅዎ ቆማ ለማየት ያብቃዎት።

አክባሪዎ፣
የልጅ ልጅዎ እናት